ሳቅ በምሳ ዕቃ

ክራግደን፣ ዮርክሺር
ፌብሩዋሪ 26

ለተከበሩ ወይዘሮ ዲሊስ ፓርጌተር
ሆባርት፣ ታዝማኒያ

እኔ ኢሞጀን ኦልድሮይድ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ እጄ በብስኩት ፍርፋሪ የቆሸሸ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ በጃንዋሪ ወር «ያንቺው ሬጅ» ተብሎ ተፈርሞ የደረስዎትን ደብዳቤ የጻፈው ሬጅ አይደለም። እኔ የልጅ ልጁ ነኝ። ፊርማውን የቀዳሁት ከቤተ መጻሕፍት ካርዱ ላይ ነው። ወረቀቱን ከመሳቢያው ወስጃለሁ፤ እሱን እንኳ ስርቆት አልለውም፣ ውርሴን ትንሽ ቀደም ብዬ ተቀበልኩ እንጂ።

«ሬጅ ኦልድሮይድ በሕይወቱ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ አንተ ማን ነህ?» ብለው የላኩልኝ አንድ መስመር ደርሶኛል። ስህተቴ የት እንደሆነ ገብቶኛል። አያቴን፣ አባባን፣ አሳምሬ ልጽፈው ስል ጨዋ አደረግኩት።

ለምን እንደዋሸሁ ደግሞ ይኸውና።

«ሣሩ እስኪደርቅ» የተባለው የእርስዎና የአባባ አስቂኝ ድራማ ያለቀው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ሁለታችሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሣር ላይ ኳስ ለማንከባለል ዝናቡ እስኪያባራ ስትጠብቁ፣ አገሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ እናንተን ሲጠብቅ ነበር። ዝናቡ አላባራም። ኳሷም አንድ ቀን አልተንከባለለችም። ይህን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብሎ ያየ ትውልድ ዛሬ እኔን «ጊዜሽን በስልክ አታባክኚ» ይለኛል።

ከተማችን እስከ ዛሬ የምትኖረው በእናንተ ነው። አውቶቡሶች ጡረተኛ ጭነው ይመጣሉ፣ እርስዎ ሻይ ይቀዱበት የነበረው የእንጨት ቤት ፊት ፎቶ ይነሣሉ፣ ዝናብ ካልጣለ ገንዘባችን ይመለስ የሚሉ አሉ። አባባ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሰው መንገድ ተሻግሮ በድራማው ይለው የነበረውን «በሩን ዝጊው፣ ድመቷ ትሰማለች!» እያለ ይጮህበታል። አባባም ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ጎትቶ «ድመት አልነበረንም» ይልና ያልፋል። አንዱ አድናቂ ባለፈው «አይደለም አባት፣ እንደዚያ አይደለም የሚባለው» ብሎ አርሞታል።

አሁን የመጣው ግን ቀልድ አይደለም። የአድናቂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሚስተር አክሮይድ በራችን ላይ ቆሞ ለእናቴ ሲያወራ ሰማሁ። ጣቢያው ድራማውን በሙሉ አድሶ ሊያወጣው ነው፤ የተመልካቹን ሳቅ ግን ከውስጡ ይጠርገዋል። «ወጣቶች የት እንደሚስቁ እንዲነገራቸው አይፈልጉም» ነው ምክንያቱ። እኔ ወጣት ነኝ፤ የጠየቀኝ የለም። በድሮው ውላችሁ መሠረት ከሁለታችሁ አንዳችሁ «እምቢ» ብትሉ ሥራው ይቆማል። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ መልስ ያልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል።

አባባ ከጣቢያው የመጣ ፖስታ አይከፍትም። የመጨረሻውን አጥፎ የሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር አስገባው። ጠረጴዛው አሁን አይወላገድም፤ እናቴም በዚህ ደስ ብሏት ፖስታው እንዳይነካ አዛለች።

ስለዚህ እባክዎን እርስዎ እምቢ ይበሉ። ምክንያቱን አሁን አልነግርዎትም። እባክዎን ስልክም አይደውሉ፤ የሚያነሣው እሱ ነው።

በታላቅ አክብሮት፣ ያለ ፎርጅድ፣
ኢሞጀን


ሆባርት
ማርች 8

ለቀጣፊዋ ኢሞጀን፣

«እምቢ በዪ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነግርሽም።» የሬጅ የልጅ ልጅ ለመሆንሽ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለ ስልኩ አትጨነቂ። ጆሮዬ ከስልክ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ኮምፒውተርም ቤቴ አይገባም፤ የእህቴ ልጅ አንድ አምጥቶልኝ ነበር፣ አሁን የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል።

ፈርሜያለሁ፣ የኔ ልጅ። ወረቀቱ በመጣልኝ ዕለት ነው «ተስማምቻለሁ» ብዬ የላክሁት። ሁለቴ እንኳ አላሰብኩበትም።

ከአያትሽ ጋር በምን እንደተጣላን የነገሩሽ እውነት ነው፤ የተጣላነው በእኔ አፍ ነው። ድራማው ያለቀ ዓመት አንድ ጋዜጠኛ «ሬጅ ኦልድሮይድ ያን ሁሉ ሳቅ ከየት ነው የሚያመጣው?» አለኝ። እኔም «እንደ ምሳ ዕቃ ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው» አልኩት። በትልቅ ፊደል አወጡት። ሬጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔም ወደዚህ መጣሁ። ከዚህ የሚርቅ አገር ቢኖር ኖሮ ወደዚያ እሄድ ነበር።

ግን ልክ ነበርኩ! ቀረጻችን ዓርብ ዓርብ ነበር። አዳራሹን በእንግዳ ሞልተው በላያቸው ማይክሮፎን ያንጠለጥላሉ። ከፊት ረድፍ፣ ልክ ከማይክሮፎኑ ሥር፣ አያትሽ ሩት ትቀመጣለች። የድምፅ ባለሙያው ራሱ ነው ወንበሯን የመረጠላት፤ የእሷ ሳቅ ካልተነሣ የሌላው አይነሣም። እንደ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሁለቴ ተንተፋትፎ፣ ከዚያ ይያዝና አዳራሹን ይዞት ይሄዳል። ደግ ሴት ናት፣ አልጠላትም። ነገር ግን በእኔ ቀልድ ስቃ አታውቅም! ሬጅ ሲያስነጥስ ትስቃለች፤ እኔ ስናገር ከዚያ ወንበር ዝምታ። ሃያ ዓመት ሙሉ! አንቺ ሞክሪው እስቲ።

ስለዚህ ሳቁ ይጥፋ። አንድ ጊዜ፣ ከመሞቴ በፊት፣ የእኔ ቀልድ ብቻውን እንዴት እንደሚቆም ልይ።

ለሩት ሰላምታዬን አድርሺ። የሚቀጥለውን እሷ ራሷ ትጻፍልኝ። ከእናንተ ቤት ሥርዓት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ዲሊስ


ክራግደን
ማርች 19

የተወደዱ እትዬ ዲሊስ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን። እናቴ ደህና ናት። የጎረቤታችን ውሻ ደህና ነው፤ ትናንት የፖስተኛውን ሱሪ ቀደደ እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። ዝናቡ ደህና ነው። የአድናቂዎች ማኅበር የዓመቱን ስብሰባ አድርጎ ነበር፤ ሁሉም እርስዎ በድራማው ይለብሱት እንደነበረው ያለ ቢጫ ሹራብ ለብሰው፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ስለ ድመቷ ቀለም ሲከራከሩ ዋሉ። በድራማው ውስጥ አንድም ቀን ያልታየች ድመት! በድምፅ ብልጫ ግራጫ ሆናለች።

ሰላምታው እንደረዘመ ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ። ልነግርዎት የማልፈልገው ነገር ስላለ ነው።

እማማ ሩት አትጽፍልዎትም። ካቻምና ኖቬምበር አርፋለች። አባባ ለእርስዎ እንዳይነገር ብሎ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ስለ ጠረጴዛ ጻፍኩ።

ያልነገርኩዎት ምክንያት ይኸው ነው።

አባባ ዓርብ ከሰዓት ድራማው በጣቢያው ሲደገም አያመልጠውም። እኛ ራሱን የሚወድ ሽማግሌ አድርገነው ነበር። እናቴ «አሁንም ራሱን ማየት አልሰለቸውም?» ስትል እኔ «ከእሱ የተሻለ ሰው በቴሌቪዥን የለማ» እያልኩ እስቅ ነበር። እሱ ደግሞ «ስህተት ልለቅም ነው» ይላል። አንድ ዓርብ ጉንፋን ይዞኝ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሶፋው ላይ ተኝቼ አየሁት። እትዬ ዲሊስ፣ አያይም። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀመጠው። የራሱ ንግግር ሲመጣ ከንፈሩ እንኳ አይነቃነቅም። ይጠብቃል። በመካከል እጁን አንሥቶ በራ ራሱን አንዴ ነካ ያደርጋል፣ እንደሚያሳክከው ሁሉ። ወዲያው እማማ ትስቃለች። ሁለቴ ተንተፋትፎ የሚነሣው እርስዎ እንዳሉት ነው። አባባ ያኔ ትንፋሹን ይለቃል።

ቤት የነበሩትን ካሴቶች ማሽኑ ቀረጣጥፎ በልቷቸዋል። የዓርቡ ብቻ ነው የቀረው። ከሜይ ጀምሮ ደግሞ በእሱ ምትክ ሳቁ የታጠበው ይመጣል።

«ታዲያ ጣቢያውን ቅጂ ጠይቁ» ይሉኝ ይሆናል። ለምን እንደፈለገው መናገር ሊኖርበት ነዋ! ይህ ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ብሎ የተመለሰ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ስሟን አንድ ቀን አልጠራም። ሲቆጣኝ ሙሉ ስሜን ነበር የሚጠራው፣ ሦስቱንም። የመካከለኛው ስሜ የእሷ ነው። አሁን «ኢሞጀን» ይልና፣ ኩሬ እንደሚዘል ሰው ትንሽ ቆም ብሎ፣ «ኦልድሮይድ!» ይላል። መቆጣቱንም ስለሚረሳው ለእኔ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ጥሩ አይደለም።

እናቴ «አትንኪው፣ ይረበሻል» ትላለች። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ፖስተኛው እንዳያመልጠኝ መስኮት ለመስኮት ነው የምሮጠው። አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የአባባን ፊርማ አሁን ከራሱ አሳምሬ ነው የምፈርመው። «እምቢ» ብዬ ልላክላቸው?

ቶሎ ይመልሱልኝ። ቶሎ ማለት በእርስዎ ዕድሜ ቶሎ ሳይሆን በእኔ ዕድሜ ቶሎ።

ኢሞጀን


ሆባርት
ኤፕሪል 2

ኢሞጀን የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን አጥሩ ሥር ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ገብቼ ሻይ አፈላሁና ሳልጠጣው አቀዘቀዝኩት። ለእናትሽ፣ ማጽናናት የማይገባኝ ሰው ብሆንም እንዳጽናናኋት ንገሪያት። አበባ አልላክሁ፣ ቀብር አልመጣሁ። ለሩት «ሰላም በዪልኝ» ብዬ መጻፌን ሳስበው ፊቴን የማገባበት አጣለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ። አይሆንም! እጅሽን ከዚያ ወረቀት ላይ አንሺ። ይህች «እምቢ» የሱ የራሱ መሆን አለባት። በሱ ስም ብዙ ሰው ተናግሯል፣ እኔም አንዷ ነበርኩ።

እኔ ፊርማዬን ልመልስ ሞክሬ ነበር። ጻፍኩላቸው። አንድ ትሑት ልጅ «እመቤቴ፣ ፈርመዋል እኮ» ብሎ መለሰልኝ፤ ለማጽናኛ ደግሞ ሳቁ የተጠረገበትን አንድ ክፍል በዲስክ ላከልኝ። አየሁት። በፊት ባየው ኖሮ አልፈርምም ነበር፤ ስለ ሩት ሳላውቅም እንኳ።

ስለ እኔ ዝምታ ሰምተሽ ይሆናል። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ሬጅን ትክ ብዬ ሳየው፣ ሳየው፣ አዳራሹ በሳቅ ሲሞት፣ ከዚያ አንዲት ቃል ጣል ሳደርግ። ታዋቂው የፓርጌተር ዝምታ! አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው ስለ እሱ ብቻ መጽሐፍ ጽፎበታል። ለአንቺ ልንገርሽ፣ ለሌላ እንዳትነግሪ፦ ጥበብ አልነበረም። ንግግሬ ጠፍቶብኝ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ አእምሮዬ ይነጣ ነበር። ሳቁ ሲረዝም ግን ቃሉ ይመጣልኛል። «ተመልካቹ ወዶልኛል» እል ነበር።

አሁን ሳቁ የለም። አፏን የከፈተች ሴት፣ የሚንቀጠቀጥ ማንቆርቆሪያ፣ ዝምታ። ራቁቴን መንገድ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ከዚያ ሬጅን አየሁት። ወደ እኔ አያይም። ወደ ፊት ረድፍ ነው የሚያየው። ባርኔጣውን አነሣ፣ መለሰ። ያንን ባርኔጣ አውቀዋለሁ! እኔን ለማናደድ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ለዳይሬክተሩ ከስሼዋለሁ።

መልሼ አየሁት። እኔ በጠፋብኝ ቦታ ሁሉ ባርኔጣው ይነሣል። አንቺ «ራሱን ያሳክከዋል» ያልሺኝ እሱ ነው፣ የኔ ልጅ። የእሱና የሩት ምልክት ነበር። እሱ ባርኔጣ ያነሣል፣ እሷ ትስቃለች፣ አዳራሹ ይከተላታል፣ እኔ ቃሌን አገኛለሁ። በቀልዶቼ ያልሳቀችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እስክጀምር ድረስ ስቃ ስቃ ትንፋሽ አልቆባት ነው።

ምሳ ዕቃውን ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር። እውነት ነው። የበላሁት ግን እኔ ነኝ። ሁለቱም አንድ ቀን አልነገሩኝም፣ በጋዜጣ ከሰደብኩት በኋላ እንኳ።

ዲስኩን ልኬልሻለሁ። ምንም አታስረጂው። አጫውቺውና ዓይኑን ይከፍት እንደሆነ ጻፊልኝ።

ዲሊስ


ክራግደን
ዓርብ፣ ኤፕሪል 24

እትዬ ዲሊስ፣

በፍጥነት ነው የምጽፈው፣ በሬን በወንበር ደግፌዋለሁ።

ዲስኩ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ጉምሩክ ይዞት ነበር፤ ምን እንዳስጠረጠራቸው እንጃ፣ ሳቅ የሌለበት ስለሆነ ይሆናል። እኔ እሱን ስጠብቅ ጥፍሬን ጨርሼ የእርሳሴን ጫፍ ጀምሬ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ነው። እናቴ ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ፣ በድራማው ሰዓት ዲስኩን አስገባሁት።

ጥያቄዎን ልመልስ። አዎ፣ ከፈተ።

እንደ ወትሮው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ቦታው ሲደርስ እጁ ወደ ራሱ ወጣ። ነካ አደረገ። ጠበቀ። ምንም። እጁ እዚያው ራሱ ላይ ቀረ።

«ድምፁን ቀንሰሻል?» አለኝ።

«አልቀነስኩም፣ አባባ።»

«ታዲያ የት አለ?»

«እንደዚህ ነው ከሜይ ጀምሮ የሚያሳዩት። ሳቁን አጥበውታል። ፖስታው ላይ ሳይጻፍ አይቀርም፤ ጠረጴዛውን ጠይቀው።»

ምንም እንዳላስረዳ አዝዘውኝ ነበር፣ ትዕዛዝዎን እስከዚያ ድረስ ነው የጠበቅኩት። አባባ ዓይኑን ገልጦ ቴሌቪዥኑን አየ። ዓይኑን ገልጦ ሲያየው ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ቆመዋል። እሱ፣ ገና ፀጉር ያለው የድሮው እሱ፣ ወደ ፊት ረድፍ እያየ ባርኔጣውን ያነሣል። ዝም። እንደገና ያነሣል። ዝም። ባዶ ቤት ገብቶ እንደምን አደራችሁ የሚል ሰው ይመስላል።

«ማንን ነው እንዲህ የምለማመጠው?» አለ አባባ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቴሌቪዥኑ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት ግን የእርስዎ ሙያ እንጂ የእኔ አይደለም። «እሳቸው እኮ ለማናደድ ይመስላቸው ነበር» አልኩ። «ሁለቴ ለዳይሬክተሩ ከስሰውሃል።»

ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ዳይሬክተሩ ሞቷል። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ዲሊስ ፓርጌተር ደግሞ ያለችው የዓለም ጫፍ ላይ ነው። አንቺ ይህን ከማን ሰማሽ?»

«ከድመቷ» አልኩና ደረጃውን ሁለት ሁለት ዘልዬ ወጣሁ።

አሁን ታች ነው ያለው። ጆሮዬን ወለሉ ላይ አድርጌ እየሰማሁ ነው፣ ጽሕፈቴ የተጣመመው ለዚያ ነው። ዲስኩን አውጥቶታል። ወደ ጣቢያው ዞሯል፤ የዓርቡ ገና አላለቀም። እርስዎ ንግግርዎን ጀመሩ... ጠፋብዎት። እማማ መጣች። ሁለቴ ተንተፋተፈች፣ ተነሣች። አዳራሹን ይዛው ሄደች። አንድ ሌላ ሰውም አብሯት ይስቃል፣ በአዳራሹ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። አይደለም። እኛ ሳሎን ውስጥ ነው። እትዬ ዲሊስ፣ የአባባን ሳቅ ረስቼው ነበር፤ እንደ ዛገ በር ነው የሚጮኸው።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

አሁን የሻይ ስኒ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ጠረጴዛው እየተወላገደ ነው! ከእግሩ ሥር አንድ ነገር ተስቧል። ወረቀት ተቀደደ። ረዥም ዝምታ፣ ከእርስዎም ይረዝማል። መሳቢያው ተከፈተ፤ ብዕር እየፈለገ ነው፣ ብዕሩ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው፣ እየጻፍኩበት። ወረቀቶቹም እኔ ዘንድ ናቸው። ወደ ደረጃው መጣ። የመጀመሪያውን እርከን ረገጠ። ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ልክ ቀረጻ ሊጀምር እንደሚል ሰው፤ እና

«ኢሞጀን ሩት ኦልድሮይድ!»